ቆይ መጣሁ የሚባለው ምግብ

አሮጊቷ ከማዕድ የተነሳ ሰው ሳህን ክፍቱን እንዲቆይ አትወድም። ልጇ ስልክ ለማንሳት ብድግ ስትል፣ ደጅ የቆመ ደንበኛ ጠርቷት ስትወጣ፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሁለት እርምጃ ስትራመድ፣ አሮጊቷ እጇን ዘርግታ ሳህኑን ወደ ራሷ ትስባለች፣ ሌላ ሳህን ትደፋበታለች፣ ከላይ በመዳፏ አንዴ ጫን ታደርገዋለች። የተነሳው ሰው ተመልሶ ሲቀመጥ ገልጣ ትገፋለታለች።  ልጇ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስላየችው የሰው ሁሉ ልማድ ይመስላት ነበር፤ ሥራ ይዛ ከሌሎች ጋር መብላት ስትጀምር ነው፣ ተነስታ የተመለሰችበት ሳህን ክፍቱን ሲጠብቃት አይታ ግራ የገባት።

እትዬ ጭልፋ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የክር ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ክበብ ውስጥ ከትልቁ ድስት ጀርባ ቆማ ስትቀዳላቸው፣ ፊቷን ሳይሆን ጭልፋዋን እያዩ ነው ያረጁት። እጇ ሚዛን ነበር፤ ለአንዱ አታበዛ፣ ለአንዱ አታሳንስ። ቀልደኞቹ «እትዬ፣ ዛሬ ጭልፋሽ ከሳ» ሲሏት «አንተ ወፍረህ ነው» ትላለች፤ ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ማሽኖቹ ተፈታትተው ተጫኑ፣ ጣሪያው ተነቀለ፣ ግቢው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። እሷ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ልጇ ልብስ ሰፊ ናት። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ አላቸው። እናትየዋ ቀን ቀን ወዲህኛው በኩል ወጥታ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጥና ቁልፍ ትተክላለች።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ምግብ ቤት አለ። መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም «ቆይ መጣሁ አለን» ተብሎ ተጽፏል። ምግቡን የማያውቅ የለም። ዳቦ ተቆራርሶ ከሳህን ሥር ይነጠፋል፣ ምስርና ድንች ያለበት ወፍራም መረቅ ይፈስበታል፣ ይከደንና ከምድጃው ጠርዝ ላይ ይተዋል። ዳቦው መረቁን ጠጥቶ ሲጨርስ ዳር ዳሩ ይይዛል፣ ይቀላል፣ ማንኪያ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። የድሃ ምግብ ነበር፤ አሁን ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ይቀርባል።

ስሙ ደግሞ ከሳህን ወጥቶ መንገድ ለመንገድ መዞር ከጀመረ ሰነበተ። ሄዶ የቀረ ነገር ሁሉ «ቆይ መጣሁ ሆነ» ይባላል። እጮኛዋን ትታ የሄደች ልጅ፣ ሁለት ምሰሶ ቆሞለት የተረሳ ድልድይ፣ ጠፍቶ የማይመለስ መብራት፣ ሁሉም ቆይ መጣሁ ነው። አንድ ታክሲ ከኋላ መስታወቱ ላይ አስጽፎት በየቀኑ ያልፋል። ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ልጇን «የኔን ደግሞ ቆይ መጣሁ አድርጊውና እንዳንጣላ» ይሏታል፤ ደንበኛ ናቸውና ትስቅላቸዋለች። እናትየዋ ያኔ መርፌዋን ጨርቁ ውስጥ ተክላ እጇን ትሰበስባለች። ሳቁ ሲያልፍ ትቀጥላለች።

አንድ ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉርድ ቀሚሷን ልታሳጥር መጣች። ቀጭን፣ ድምጿ ከከንፈሯ ብዙ የማይርቅ ልጅ ናት፤ የምትናገረውን ለመስማት የስፌት መኪና ማቆም ያስፈልጋል። ቀሚሷ እስኪደርስ ቆማ ማዶ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ስታይ ቆየችና፣ ዩኒቨርሲቲ ከመምህሯ ጋር አንድ መጽሐፍ እያዘጋጁ እንደሆነ፣ የምግብ ስሞችና የመንገድ አባባሎች ከየት እንደመጡ እንደሚጽፉ፣ ይሄኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል መለሰችላት።

«ከአባቴ ነው ይላሉ። እናቴን ጠይቂያት። ከነገረችሽ እኔንም ጥሪኝ።»

እትዬ ጭልፋ የዚያን ቀን ምንም አልነገረቻትም። ብቻ ሌላው ሰው ምን እንደሚል ጠየቀች። ተማሪዋ ከቦርሳዋ ካርዶች አውጥታ አንድ በአንድ አነበበችላት። አንደኛው ካርድ፣ ምግቡን ምድጃ ላይ ጥዳ «ቆይ መጣሁ» ብላ ከሌላ ሰው ጋር ስለኮበለለች ሙሽራ ነው። ሁለተኛው፣ ምሳ እየበላ ከእስር ቤት ስላመለጠ ሌባ። ሦስተኛው የአንድ ባለ ሆቴል ነው፤ ከከተማው ትልልቅ ምግብ ቤቶች ሦስቱ የእሱ ናቸው። እሱ እንደሚለው፣ አባቱ ቤት አንድ ለጉድ የሰነፈ አስተናጋጅ ነበር። ለጠራው ሁሉ «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ ጥግ ይዞ ያንቀላፋል። አንድ ቀን የደንበኛ ሾርባ ከነዳቦው ምድጃ ጠርዝ ላይ ረስቶ ሲነቃ ዳቦው መረቁን ጨርሶታል፤ ፈርቶ እንዳለ አቀረበው፤ ደንበኛው በላ፣ ጣፈጠው፣ በማግሥቱም «ያንን ቆይ መጣሁን አምጣልኝ» አለ።

አሮጊቷ ሌባው ላይ ፈገግ ብላ ነበር።

«ሌባው ይሻላል» አለች። «እሱ እንኳ አምልጧል።»

ከዚያ ከሦስቱ የትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገባ ጠየቀች። ተማሪዋ እያፈረች፣ መምህሯ የአስተናጋጁን እንደሚመርጥ፣ ምክንያቱም እሱ መነሻም መድረሻም እንዳለው ነገረቻት። ቀሚሷን ተቀብላ ሄደች። እትዬ ጭልፋ ያን ሳምንት ቁልፍ ስትተክል አራት ጊዜ ጣቷን ወጋች። በአምስተኛው ቀን ልጇን «ያቺን ልጅ ጥሪያት» አለቻት።

ተማሪዋ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። ልጇ ወዲህኛው በኩል ሥራዋን ቀጥላለች። አሮጊቷ የጠረጴዛውን ጨርቅ አስተካከለች፣ የሌለ ፍርፋሪ ጠረገች። ከዚያ ስለ አስተናጋጁ ሳይሆን ስለ ባለ ሆቴሉ ጀመረች።

«እሱን አውቀዋለሁ። ወደ ፋብሪካው ዳቦ የሚያመላልስልን ሾፌር ነበር። አራግፎ ሲጨርስ አንድ ሳህን እሰጠዋለሁ፣ ቆሞ ይበላል። የአባቱ ቤት የሚለው የኔን ድስት ነው።»

ከዚያ ስለ ባሏ ነገረቻት። የቦይለር ሠራተኛ ነበር። የቦይለር ቤቱ ከክበቡ ጀርባ ነው፤ በብረት በር ይለያያሉ። ክር ማቅለሚያው ገንዳ የሚፈላበት እንፋሎት ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። በቦይለር ሕግ፣ ሰውየው የእንፋሎቱን ግፊት ከሚያሳየው ጌጅ ፊት ከአሥር ደቂቃ በላይ አይለይም። ለምሳ ሰዓት የሚተካ ሁለተኛ ሰው ሊኖር ይገባል፤ ሁለተኛው ሰው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ሌላ አልተቀጠረም። «ይቀጠራል» ይባላል፣ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ባሏ ምሳውን በሦስት ጊዜ ነበር የሚበላው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ይቀመጣል፤ ጥቂት ይጎርሳል፣ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፣ ይነሳል፣ ወደ ድስቱ ዞር ይልና «ቆይ፣ መጣሁ» ይላታል። እሷ ዳቦና መረቅ ያለበትን ሳህን አንስታ ትከድነዋለች፣ እንዳይቀዘቅዝ ከምድጃው ጠርዝ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጌጁን አይቶ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ዙር ይበላል፤ እንደገና ይነሳል። ስድስት ዓመት፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሁለቴ። ባልና ሚስት ሆነው በሥራ ቦታ የሚነጋገሩት ይህችኑ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ሰልፍ ላይ የቆሙት «እትዬ፣ ሊያገባሽ ሽማግሌ ሲልክም ቆይ መጣሁ ብሎሽ ነው?» እያሉ ይተርቧታል። «አዎ፣ መጣም» ትላቸዋለች፣ ጭልፋዋን እያራገፈች።

ማክሰኞ ቀን ነበር። ሁለተኛውን ዙር በልቶ ነው የሄደው። እንደወትሮው ተናገረ፣ እንደወትሮው ከደነችለት። ለሌላ ሰው ልትቀዳ ጭልፋዋን ስታነሳ ቦይለሩ ፈነዳ፤ የክበቡ መስኮቶች በሙሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ድምፁን አታስታውሰውም፤ የምታስታውሰው ከሰልፉ ሳህን የያዙት ሁሉ ሳህናቸውን ሳይጥሉ መሬት ላይ መቀመጣቸውን ነው። ክር ቀጣይ የነበረ፣ ወሬ ስለማያልቅበት ራዲዮ የሚሉት አንድ ወጣት፣ የጋለውን የብረት በር በእጁ ገፍቶ ገባ። ባሏን ተሸክሞ የወጣው እሱ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቢሮ ጠሯት። አንድ ወረቀት አስቀመጡላት። ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ቦታውን ለቆ ምሳ ሲበላ አደጋው ደረሰ ይላል። ያልተቀጠረው ሰው ወረቀቱ ላይ የለም። ማንበብ ትችል ነበር፤ ቀስ ብላ ነው እንጂ። አንብባ ቀና ስትል ጸሐፊዋ፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል የሚወጣው በዚህ ፊርማ ነው አለቻት። ፈረመች።

«ልጅቷ ዓመት ከመንፈቋ ነበር» አለች እትዬ ጭልፋ። «አዝዬያት ነበር የፈረምኩት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ነው የነገረቻት። ሐዘን ተቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የሚመግባት ሌላ አልነበረም። ዳቦና መረቁን እንደዚያ አድርጋ ከድና ለሠራተኛው ሁሉ መሥራት ጀመረች። ስሙን ማን እንዳወጣው አታውቅም። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፋች ማሽን ጠባቂ ሳህኗን ዘርግታ በቀስታ «እስኪ ከቆይ መጣሁ ቅጂልኝ» አለቻት። ከሰልፉ ማንም አልሳቀም። ያኔ ቃሉ የሰውየው ስም መጥሪያ ነበር፤ ሊጠሩት ለሚከብዳቸው። በዓመቱ አዲስ ሠራተኞች መጡ። እነሱ ስሙን አገኙት እንጂ ሰውየውን አላገኙትም፤ ሳቁ። እሷም በገዛ ጭልፋዋ እየቀዳች ሰጠቻቸው። ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው ተበተነ፤ አንዱ ምግብ ቤት ከፈተ፣ አንዱ መንገድ ዳር ጣደ፣ ቃሉም አብሮ ተበተነ።

ተማሪዋ ስትጽፍ ቆይታ እጇ ቆመ።

«ምን ተብሎ እንዲጻፍልዎ ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ?»

«ሁለት መስመር ይበቃኛል። ሰነፍ አልነበረም በዪልኝ። ሥራው ላይ ነው የቀረው በዪልኝ። ያ ወረቀት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል፤ መሳቂያው ደግሞ ይኸው እንደምታዪው ነው። ሦስተኛ ነገር የለውም። ፎቶ እንኳ የለውም።»

ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው ከቆመ ቆይቷል። ልጇ መጋረጃውን በእጇ ይዛ ቆማለች። ቃሉ ከአባቷ መጣ ሲባልና በሥራ ላይ ሞተ ሲባል ከሰማችው በላይ የምታውቀው አልነበረም።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሲስቁ አብሬያቸው ስስቅ ነበር» አለች።

«ደንበኛሽ ናቸው። ምን ታደርጊ» አለች እናትየዋ። ስታጽናናት ይሁን ስትወቅሳት አይታወቅም ነበር፤ ምናልባት ሁለቱም አልነበረም። ልጅቷ ተመልሳ መኪናው ፊት ተቀመጠች፤ ነገር ግን እስኪመሽ አንድም ስፌት አልሰፋችም።

ለጥቂት ቀናት አሮጊቷን ተስፋ የሚባለው ነገር ጎበኛት። ይህ ለእሷ ደግ እንግዳ አልነበረም፤ እንቅልፍ ነሳት። መጽሐፉ ስንት ገጽ እንደሚሆን ልጇን ትጠይቃለች። ሰዎች መጽሐፍ ይገዙ እንደሆነ ትጠይቃለች። ማዶ ያለው ምግብ ቤት አንድ ቅጂ ቢሰጠው መስታወቱ ላይ ይለጥፈው እንደሆነ፣ የታክሲው ሾፌር ያነብ እንደሆነ። ልጇ «ያነባል፣ እማዬ» ትላታለች። ሾፌሩን አይታው አታውቅም።

ተማሪዋ ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር የምትናገረው። መምህሯ ታሪኩን አንብቦ አንገቱን ነቅንቋል፤ የሚያሳዝን ነው ብሏል። ነገር ግን መጽሐፉ የሐዘን መጽሐፍ አይደለም። የስሙ መነሻ ተነግሯል፣ የምግቡ መነሻ ግን የለም። ምድጃ ጠርዝ ላይ የቀረ አንድ ሳህን እንዴት የመቶ ሰው ምግብ ሆነ? ማን ቀመሰው? ጥሩ መሆኑን ማን አወቀ? የአስተናጋጁ ታሪክ ይህን ይመልሳል፤ ደንበኛው በላው፣ ጣፈጠው፣ በማግሥቱ አዘዘ። የእርስዎ ግን መሀሉ ጎድሎታል ብሏል። ምስክርም የለውም። በዚያ ላይ ባለ ሆቴሉ ለመጽሐፉ ምረቃ አዳራሹን ሊሰጥ ቃል ገብቷል። የመጽሐፉ ረቂቅ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ዓርብ ነው።

«እንዴት እንደዚያ መሥራት እንዳሰቡ ብቻ ቢነግሩኝ» አለች ተማሪዋ።

«እንዲሁ ሠራሁት።»

«የተረፈውን ሳህን የበላው ሰው አለ?»

እትዬ ጭልፋ መርፌዋን ጨርቁ ውስጥ ተከለች። ፊቷ ላይ የነበረው ተስፋ ሲጠፋ ታየ። ከዚያ ሻርፗን አነሳች።

«ምስክር ይምጣ ካላችሁ ምስክር አለኝ» አለች። «ራዲዮ በሕይወት አለ። ተነሺ።»

ራዲዮ የሚኖረው ከልጁ ጋር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። የልጁ ሚስት ከፈተችላቸው፤ እጇ ሳሙና ነበር። ሽማግሌው ከመስኮቱ አጠገብ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ራዲዮ ይዟል። ያን ሁሉ ዓመት በቅጽል ስሙ ሲጠራ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ ዕቃውን ታቅፎ ማየት ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። አሮጊቷን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጭልፋ» አላት። «ዛሬስ ምን ሠራሽልን?»

አወቃት። እትዬ ጭልፋ በደስታ እጁን ያዘች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለተማሪዋ ቀረብ እንድትል ምልክት ሰጠቻት። ከዚያ ልክ እንደ ሕፃን ቀስ እያለች ጠየቀችው። ክበቡን ታስታውሳለህ? ያስታውሳል። አግዳሚውን? ያስታውሳል፤ አንድ እግሩ አጭር ነበር አለ። ቆይ መጣሁን?

«ቆይ መጣሁንማ» አለና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ እያሳለው፣ እየቆመ፣ አንድ የሰነፈ አስተናጋጅ እንደነበረ፣ ጥግ ይዞ እንደሚያንቀላፋ፣ ሾርባውን ምድጃ ላይ እንደረሳው ነገራቸው። አንድም ቃል አልሳተም። ደንበኛው በማግሥቱ ያለውን ሳይቀር በደንበኛው ድምፅ አወራው።

የልጁ ሚስት ከበሩ ሆና ይቅርታ ጠየቀች። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ራዲዮ ነው የሚሰሙት አለች፤ ባለ ሆቴሉ በየሳምንቱ ስፖንሰር ሆኖ ይህንኑ ታሪክ ያስነግራል፤ የሰሙትንና የኖሩትን መለየት ትተዋል።

እትዬ ጭልፋ የያዘችውን እጅ ገለበጠችው። መዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጨማደደ፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ነው፤ ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም።

«ይሄስ?» አለችው። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄን ማን አደረገህ?»

ሽማግሌው መዳፉን አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ለቅጽበት ግንባሩ ተሸበሸበና የሆነ ነገር ሊመጣለት ይመስል አፉን ከፈተ። ተማሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ይሄማ የሻይ ማሰሮ ነው» አለ። «ልጅ ሆኜ።» ከዚያ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ያ ዝምተኛው ባልሽ ደህና ነው?» አላት።

«ደህና ነው» አለችው።

ሲወርዱ ሦስተኛው ፎቅ ጋ አሮጊቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ተማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ከላይ የሳሙና ውሃ ሲደፋ ይሰማል፤ ከታች አንድ ሰው ቁልፍ ጠፍቶበት በሩን እየነቀነቀ ይራገማል። ተማሪዋ በዚያች በማትሰማ ድምጿ መምህሯን እንደገና እንደምትለምነው፣ ሌላ ሠራተኛ እንደምታፈላልግ፣ እስከ ዓርብ ሁለት ቀን እንዳለ ትናገራለች። የምትናገረውን ራሷም አላመነችውም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እትዬ ጭልፋ እንደማትሰማ ሆና የብረቱን መደገፊያ ታያለች።

ሌላ ሠራተኛ አልቀረም። የቀሩትም ይህንኑ ራዲዮ ነው የሚሰሙት። ሁለት መስመር ብላ ነበር የለመነችው፤ ለሁለቱ መስመር አንድ ነገር ብቻ ነው የተጠየቀችው፣ እሱንም ታውቀዋለች። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ እያንዳንዷን ቀን ታውቀዋለች።

«አስተናጋጁን አስገቡት» አለች በመጨረሻ።

«እትዬ፣ ገና ሁለት ቀን…»

«አስገቡት። የጎደለው መሀሉ ነው አይደል ያለው አስተማሪሽ? ልክ ነው። አስተዋይ ሰው ነው። መሀሉ ያለው እኔ ጋ ነው፤ ግን መጽሐፍ ውስጥ አይገባም። እስክሪብቶሽን ክተቺው።»

ተማሪዋ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ደብተሩንም።»

ደብተሩንም ከተተች።

«የምነግርሽ እንድትጽፊው አይደለም። ልጄም አታውቀውም፣ እንዳትነግሪያት። ስለ እሱ ሌላውን ሁሉ ጽፈሽ ይሄን ብቻ ብትተዪው ደስታዬ ነበር። ያለዚህ ደግሞ አይሆንም አላችሁ።»

ጥቂት ተነፈሰች። ስትቀጥል ድምጿ የምግብ አሠራር እንደሚናገር ሰው ድምፅ ነበር፤ የተስተካከለ፣ ያልቸኮለ።

«ሆስፒታል ድረስ ሄጃለሁ። አንሶላውን ገልጠው አሳይተውኛል። መሞቱን አውቃለሁ። በኋላ ማታ አይደለም የተነገረኝ፤ ያን ሰዓት፣ ፀሐይ እያለች፣ አውቄ ነበር። ወደ ክበቡ የተመለስኩት የልጅቷ ማዘያ እዚያ ቀርቶብኝ ነው። ሰው የለም። መሬቱ መስታወት ብቻ ነው። ምድጃው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ ጠርዙ ግን ይሞቃል። ሳህኑ እንደከደንኩት ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፣ ልጅቷም ስትጠባኝ ነው የዋለች። ልደፋው ነበር የገለጥኩት። ዳቦው መረቁን ጠጥቶ ጨርሶታል፣ ዳር ዳሩ ቀልቷል። ማንኪያው የእሱ ነው፣ እዚያው ነበር። አንድ ልቅመስ ብዬ ነው። ከዚያ ቆሜ፣ እስከ ቅርፊቱ ፍቄ፣ ጨረስኩት። እሱ እዚያ ተኝቶ፣ ልጄ፣ ጣፈጠኝ።»